ቁልፉን ተረከብን፤ ቤቱንስ ማን አስረከበን?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንዲት ወንበር ወደ መጋዘን ስትገባ ሞዴል 19፣ ስትወጣ ደግሞ ሞዴል 22 ይቆረጥላታል። ተቀባዩ ሳይፈርም ንብረት ክፍሉ ንቅንቅ አይልም። ደግ አደረገ! ታዲያ የአንዲት ወንበር ክብር ይህን ያህል ከሆነ፣ ቤተሰብ የሚያድርበት ቤት ከአከራይ ወደ ተከራይ ሲተላለፍ ለምንድነው በአንድ ቁልፍና በደላላ ምላስ ብቻ የሚያልቀው?

የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተከራዩ ሲገባ «ቤትህ ነው፣ ቤተሰብ ነን» ይባላል። ሲወጣ ግን የተሰነጠቀው መስታወት፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ የረገበው ኮርኒስ ሁሉ የእሱ ጥፋት ሆኖ ቁጭ ይላል። «ስገባም እንዲህ ነበር» ቢል ማን ይመሰክርለታል? ደላላው እንደሆነ ኮሚሽኑን ይዞ ከተሰወረ ቆይቷል። በቅድሚያ የከፈለው ገንዘብም በዚያው ቀልጦ ይቀራል።

አከራዩም ቢሆን አያመልጥም። የውሃና የመብራት ዕዳ አሸክሞት፣ የበር እጀታ ሳይቀር ነቅሎ የሄደ ተከራይ የገጠመው ስንቱ ነው! ጡረታውን በሰርቪስ ቤት ኪራይ የሚደጉም አዛውንት በምን ማስረጃ ይክሰስ?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ብሏል። መልካም! ግን ከዚያ ወዲህ የሹሙም የካድሬውም ወሬ ዋጋና ግብር ሆነ። «ኪራዩ ስንት ነው?» የሚል ሞልቷል፤ «ጣሪያው ያፈሳል ወይ?» ብሎ የሚመዘግበው የታለ?

መንግሥት ራሱ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ትልቅ አከራይ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ግድግዳውን በራሱ ጭቃ ሲመርግ፣ ቆርቆሮውን በራሱ ገንዘብ ሲቀይር ኖሯል። ቤቱን ሲረከብ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው፣ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ በምን ያስረዳል? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አይተናል፤ ዶዘር ከመጣ በኋላ ማስረጃ አይሰበሰብም።

የምንለው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ የኪራይ ውል ጋር የርክክብ ዝርዝር ይያያዝ፤ ያለ እሱ ውል አይመዝገብ። የመንግሥት ቤትም ቢሆን! በር ስንት፣ ቁልፍ ስንት፣ መስታወት ስንት፣ የተሰበረው የቱ፣ ቆጣሪው ስንት ላይ ነው፣ ሁሉም ይጻፍ። በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት። በስልክ ፎቶ ይነሣ። ተከራዩ ሲለቅ ያው ወረቀት ተይዞ ክፍል በክፍል ይታይ። ለዚህ በጀትም ኮሚቴም አያስፈልግም።

«ካልተማመንን ምኑን አብረን ኖርነው?» የሚል አይጠፋም። እስከ ዛሬ ያስበላን ይኸው ይሉኝታ ነው! በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶቻችን መተማመን ጠፍቶባቸው አልነበረም።

ወገን! መንግሥት እስኪነቃ አትጠብቅ። ሳትፈርም ቁልፍ አትቀበል፤ ሳታስፈርምም ቁልፍ አትስጥ!