ሞተሩ ገና አልመጣም፣ ቁጥሩ ግን ደርሷል

በዚህ ሳምንት ስለ ደም ግፊትም ስለ ስኳርም አላወራችሁም። ጉዳያችን ሞተር ሳይክል ነው።

በሰፈራችን ከጀበና ቡናው አጠገብ የሚሰበሰቡ ወጣቶች ሰሞኑን ጨዋታቸው ሁሉ ሊመጣ ነው ስለተባለ አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ ሞተር ሆኗል። ፎቶው በየስልካቸው አለ፤ ዕቃው ግን የለም። አንዱ «በአንድ ቻርጅ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲል፣ ሌላው «ቢበዛ 100 ነው» ይለዋል። አንዱ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይበራል ይላል፣ ሌላው 45 ላይ ታስሮ ነው የሚመጣው ብሎ ይማማላል። ፎቶውን እያጎሉ ከመቀመጫው ሥር ያለው ባትሪ አንድ ነው ወይስ ሁለት እያሉ ይከራከራሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ዕቃ እያደረሰ ሊሠራበት አስቦ እናቱ የእቁብ ገንዘቧን ለቀብድ እንድትሰጠው ጠየቃት። እሷም «ሲስተር፣ ምን ትመክሪኛለሽ?» ብላ ወደ እኔ መጣች። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም አንድ ነገር አልኳት፦ ስለዚህ ሞተር የሚገመት ነገር አለ፣ ሞተሩ ሳይመጣም የሚታወቅ ነገር አለ። የእቁብ ገንዘብ በግምት ላይ አይወጣም።

በመጀመሪያ ለልጆቹ ፍርድ ልስጥ። ምኞታቸው የሞኝ ምኞት አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ዓይናችን ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። የቤንዚን ሞተር እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ለማቃጠል አየር ስለማይፈልግ አይደክምም። ማርሚታ የለውም፣ ጭስ የለውም። በሥራ ዘመኔ ከሞተር ኋላ ተቀምጠው የጋለ ማርሚታ ባታቸውን የጠበሳቸውን ስንቱን ቁስላቸውን አጥቤያለሁ። ያ ቁስል ከዚህ ሞተር ጋር አይመጣም።

ወደ ርቀቱ እንሂድ። ልጁን ጠራሁትና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። የባትሪ አቅም የሚታወቀው ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ በማባዛት ነው። ልጆቹ የሚገምቱት ባትሪ 72 ቮልት፣ 40 አምፔር ሰዓት ነው። ሲባዛ 2,880 ዋት ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ያለ አነስተኛ ሞተር በከተማ መንገድ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ይበላል። ስናካፍለው ከ72 እስከ 96 ኪሎ ሜትር መጣ። 200 የሚለው ግምት ከሁለት እጥፍ በላይ የሆነ ባትሪ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ክብደትና ዋጋ ነው። «እትዬ፣ ፋብሪካው እኮ ነው ያለው» አለኝ። ፋብሪካው ገና ምንም አላለም።

ቢልም እንኳ አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካው ሃርሌይ ዴቪድሰን ላይቭዋየር የተባለውን የኤሌክትሪክ ሞተሩን ናሙና እ.ኤ.አ. በ2014 አሳይቶ ለገበያ ያቀረበው በ2019 ነው። እስከዚያ ድረስ አፍቃሪዎቹ ሲገምቱ ኖሩ። ሲወጣ በከተማ ውስጥ 235 ኪሎ ሜትር፣ ከተማና አውራ ጎዳና ሲደባለቅ ግን 153 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል ተባለ። ሞተሩ ያው ነው፣ ባትሪውም ያው ነው፤ የተለየው መንገዱ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ ባትሪውን ይበላዋል።

የእኛ መንገድ ደግሞ ዳገት ነው። ከአቃቂ እስከ እንጦጦ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ800 ሜትር ይበልጣል። ሞተሩ፣ ነጂውና ጭነቱ ተደምረው 200 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ያን ያህል ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 440 ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ይህ በሜዳ ላይ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ነው። ለዕቃ አድራሽ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ዳገት ከዕለት ገቢው ላይ የሚቀነስ ነው።

አሁን እኔን ወደሚያሳስበኝ ቁጥር ልምጣ። ክርክሩ 45 ነው ወይስ 90 የሚል ነበር። ለልጆቹ ይህ የሁለት እጥፍ ልዩነት ነው፤ ለሰው ገላ ግን የአራት እጥፍ ነው፤ ፍጥነት ሲታጠፍ የግጭቱ ጉልበት በአራት ይባዛልና። በ45 ከግድግዳ ጋር መላተም ከ8 ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። በ90 ሲሆን ከ32 ሜትር፣ ማለትም ከአሥር ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ እንደ መውደቅ ነው። በድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ለማመን ሒሳብ አያስፈልገውም።

ማቆሙም እንደዚሁ ነው። ሕፃን ልጅ መንገድ ውስጥ ዘው ሲል ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ይወስድበታል እንበል። በደረቅ አስፋልትና በደህና ፍሬን፣ በ45 የሚሄደው 25 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በ90 የሚሄደው ለመቆም 77 ሜትር ያህል ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አስፋልቱ ሲንሸራተት ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። በዚያ ላይ ይህ ሞተር ድምፅ የለውም። ዓይናቸው የደከመ አዛውንቶችና በመንገድ ዳር የሚጫወቱ ልጆች መምጣቱን በጆሯቸው አያውቁም። በዚያ ሁሉ ክርክር መካከል ግን «ፍሬኑ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ልጅ አልሰማሁም።

ሄልሜትም ግምት አያስፈልገውም። በርካታ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ፣ ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ የሚሆነው ግን ማሰሪያው አገጭ ሥር ሲታሰር ነው። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት የሚያድነው ክርንን ነው። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው የራሱ ሄልሜት ይኑረው።

ባትሪው ደግሞ ቤት ውስጥ ገብቶ ከእኛ ጋር ነው የሚያድረው። ስለዚህ እናቶች ይህን ያዙ፦ ሰው በሚተኛበት ክፍልም ሆነ በመውጫ በር ላይ ቻርጅ አይደረግ፤ በር ላይ ቢቀጣጠል ማምለጫ ያሳጣል። ከራሱ ቻርጀር ሌላ አይሰካበት። የወደቀ፣ ያበጠ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ በባለሙያ ሳይታይ አይሰካ። ሌሊት ሁሉም ተኝቶ እያለ ተሰክቶ አይደር። ጭስ ካያችሁ ለማጥፋት ከመታገል በፊት ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፤ ጭሱ መርዛማ ነው።

ሞተሩ በእርግጥ መጥቶ ሱቅ ውስጥ ሲቆም የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ባትሪው የእርሳስ ነው ወይስ የሊትየም? የእርሳሱ ይከብዳል፣ ቶሎም ይደክማል። ዋስትናው ስንት ዓመት ነው፣ ባትሪውንስ ይጨምራል? ባትሪው ብቻውን ሲገዛ ስንት ነው? በሁለቱም ጎማ ላይ ዲስክ ፍሬን አለው? ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ኤቢኤስ አለው? መለዋወጫው እዚህ ይገኛል? አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን መገደቧን አስታውሱና፣ ታርጋና የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ምን እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ከኋላ አንድ ሰው አስቀምጣችሁ የሰፈራችሁን ዳገት አስወጡት፤ ቁልቁለቱንም ሲወርድ ፍሬኑን ሞክሩት።

ቀብድ የሚከፈለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሄልሜቱም ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራልና።