ዝናቡን ለቦይ፣ ቧንቧውን ለሣር

ጥር ላይ ነው። ውኃ ወደ ዶርማችን ፎቅ መውጣት ካቆመ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ጀሪካን ይዘን ታች ተሰልፈናል። የዲፓርትመንታችን ደጃፍ ሣር ግን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጎማ ውኃ ይጠጣል።

አትክልተኛውን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ካላጠጣሁት ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የአትክልት ቦታው አሠራር እንጂ የሳቸው አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። 400 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,000 ሊትር፣ ማለትም 200 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን! ጥቂቱ ቢባክን እንኳ ብዙ ነው እኮ። እኛ ግን በአሸንዳ አውርደን በሲሚንቶ ቦይ ከግቢ እናስወጣዋለን።

ስለ ኮንሶ እርከን ተምረን ፈተና ተፈትነናል። በ2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያ የድንጋይ ካብ አፈር ከመያዙም በላይ ዝናቡ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጠዋል፤ የተረፈውንም ያሳልፋል። ለኛስ ምን ይከለክለናል? አሸንዳውን ወደ አትክልቱ ማዞር፣ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ ጉድባ መቆፈር፣ አፈሩን ኮምፖስት አብልቶ ጉዝጓዝ ማልበስ ነው። መሬታችን ዋልካ ስለሆነ ክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጉድባው ከሕንፃው መሠረት መራቅና ትርፉን የሚያስወጣበት አፍ ሊኖረው ይገባል። ይህን የዘነጋ ሰው ግድግዳ ያሰነጥቃል።

በሣሩ ፋንታ እሬት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ዳር ዳሩን ወይራ። ጓደኛዬ ሽፈራው ካልተተከለ ብሎ ይሟገተኛል፤ ሽፈራው ግን የቆላ ልጅ ነው፣ የኛን ብርድ አይችለውም። ድርቅ ቻይ የሚባለውም ቢሆን ሥር እስኪሰድ፣ በተለይ የመጀመሪያውን በጋ፣ ውኃ ይፈልጋል። ተክሎ መርሳት የለም።

«ሣር ከሌለ ግቢው ለእንግዳ አያምርም» የሚሉ አሉ። እሬት ሲያብብ አላዩም ማለት ነው። ደግሞስ የጀሪካኑ ሰልፍ ለእንግዳ ያምራል?

ሰኔ ሳይገባ አንድ አሸንዳና ከላብራቶሪው ጀርባ ያለችው ቁራሽ መሬት ትፈቀድልን። ቁፋሮው ከኛ።