የማሕፀን «ብርድ»፦ ቻይና ሙቀትን እንዴት ሕግ አደረገችው

በቻይና አንዲት ወጣት የወር አበባ ሕመም እንደጠናባት ብትናገር ከእናቷም፣ ከሥራ ባልደረባዋም፣ ከፍቅረኛዋም የምትሰማው ምክር አንድ ነው፦ ሙቅ ውኃ ጠጪ። ምክሩ ከመደጋገሙ የተነሣ በዛሬዎቹ ወጣቶች ዘንድ መቀለጃ ሆኗል፤ ይህን ብሎ የሚያልፍ ወንድ ሌላ ነገር ለማድረግ ያልፈለገ ወንድ ተደርጎ ይቆጠራል። ቀልዱ ግን ከሥሩ ያለውን እምነት አላናወጠውም። ሕመሙ ከብርድ ይመጣል፣ በሙቀት ይመለሳል የሚለው እሳቤ በቻይና ከቤት ወጥቶ የሆስፒታል ክፍል፣ የፋብሪካ ምርትና የሠራተኛ ሕግ ድንጋጌ ሆኗል። ስለዚህም ጉዳዩ የፖሊሲ ጉዳይ ነው፤ ሊመረመር የሚገባውም ከሙቀቱ ጋር ተጠቅልሎ የሚቀርበው ትርጓሜ በሴቶች ላይ የሚያስከትለው ነገር ነው።

እሳቤው ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ወገቡን ያመመው ሰው «ብርድ መታኝ» ይላል፤ አራስም ከነፋስ ትጠበቃለች። ቻይናውያን ግን እሳቤውን በጽሑፍ አደራጅተው በመንግሥት ተቋማት አጽንተውታል። በጥንታዊው ትምህርታቸው መሠረት ብርድ ወደ ማሕፀን ሲዘልቅ ደምና «ቺ» የሚሉት የሕይወት ኃይል ይረጋሉ፤ መተላለፊያው የተዘጋበት ሰውነትም ይታመማል። በምሥራቃዊው የሃን ሥርወ መንግሥት መጨረሻ ለኖረው ሐኪም ለጃንግ ጆንግጂንግ ከሚሰጡት የዕፀዋት መድኃኒቶች አንዱ፣ ዛሬም ለዚሁ ሕመም የሚታዘዘው፣ ስሙ ራሱ ማሞቅ የሚለውን ቃል የያዘ ነው።

ከሙቀት ሕክምናዎቹ ሁሉ የታወቀው «አይጂዩ» ነው፤ በምዕራቡ ዓለም «ሞክሳ» ይባላል። ሌላው ዓለም አኩፓንክቸር ብሎ የሚተረጉመው «ጀንጂዩ» የተሰኘው የቻይንኛ ቃል ግማሹ መርፌ፣ ግማሹ ይኸው የቅጠል እሳት ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ሁለቱን በአንድነት ነው። ቅጠሉ የአሪቲ ዘመድ ነው። ይደርቃል፣ ሳይነካ ይቆያል፣ ከዚያም እንደ ጥጥ እስኪለሰልስ ድረስ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በወረቀትም ይጠቀለላል። ጫፉ ከተለኮሰ በኋላ ቆዳን ሳይነካ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይያዛል፦ ከእምብርት በታች አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ካለው ሥፍራ፣ ወይም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ካለው። ምርጡ ቅጠል የሚመጣው በሁቤይ ክፍለ ሀገር ከምትገኘው ከቺቹን ወረዳ ነው ይባላል። ቺቹን ታላቁ የመድኃኒት መጽሐፉ በ1596 የታተመለት የሊ ሺጀን የትውልድ ቦታ ናት፤ ዛሬ ደግሞ ቅጠሉን ዋና ኢንዱስትሪዋ አድርጋዋለች።

ሙቀቱ ይሠራል። ይህን በግልጽ መናገር ይገባል፤ ንድፈ ሐሳቡን የሚንቁ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ሙቀቱንም አብረው ይጥሉታልና። ሌላ በሽታ የሌለበት የወር አበባ ቁርጠት በዋናነት የሚመጣው የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ከሚያመነጨው ፕሮስታግላንዲን ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር ጡንቻውን ያኮማትረዋል፣ ወደ ማሕፀን የሚሄደውንም ደም ይቀንሰዋል። አይቡፕሮፌን የሚያስታግሰው የንጥረ ነገሩን መመረት በመግታት ሲሆን፣ ሙቀት ደግሞ ጡንቻውን ያፍታታል፣ የሕመሙንም ስሜት ያደበዝዛል። በ2001 በአሜሪካ የጽንስና ማሕፀን ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት የሚሰጥ፣ በሆድ ላይ ለ12 ሰዓት የሚታሰር ልጥፍን በቀን ሦስት ጊዜ ከሚወሰድ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ጋር አወዳድሮ፣ የሁለቱ ማስታገሥ ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ከመቶ ያነሱ ነበሩ፤ በ2018 የኮሪያ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩም ውጤቱ ወደ ሙቀት ያደላ ሆኖ፣ ጥናቶቹ ግን ጥቂትና ትንንሽ ሆነው ተገኝተዋል። እንዲህ ዓይነቱ ልጥፍ የሚሞቀው በውስጡ ያለው የብረት ዱቄት ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው። ቅጠል የለበትም፣ ጭስ የለበትም፣ የተመረጠ ነጥብም አይጠይቅም።

ሞክሳ ከተራው ሙቀት ይበልጣል የሚለው አቋም ግን በጠንካራ ማስረጃ አልቆመም። በሞክሳ ላይ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ የቻይና ናቸው፤ ታካሚዋ የቅጠሉን ጭስ እያሸተተች፣ የእሳቱን ግለት እየተሰማት ሕክምናው እውነተኛው ይሁን አስመሳዩ እንዳታውቅ ማድረግም እጅግ አዳጋች ነው። ቃጠሎና የሚያፍን ጭስ ደግሞ የታወቁ ጉዳቶቹ ናቸው። እንግዲህ በጠርሙስ የተሞላ ሙቅ ውኃ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሆድ ላይ ቢቀመጥ ተመሳሳይ እፎይታ ሊሰጥ የሚችል ከሆነ፣ በክሊኒክ ለአሥር ቀጠሮ የሚከፈለው ገንዘብ ለምን እንደሚከፈል የመጠየቅ መብት የከፋይዋ ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ «ጎንግ ሃን» የሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙ «የማሕፀን ብርድ» ማለት ሲሆን፣ በዘመናዊ ሐኪም ምርመራ የሚረጋገጥ በሽታ አይደለም። በቻይና የገበያ ማስታወቂያ ግን ከወር አበባ ሕመም እስከ መካንነት ያለው ሁሉ መንሥኤ ይደረጋል። ቃሉ ኃላፊነቱን በሴቲቱ ላይ ይጭናል፦ አይስክሬም በላሽ፣ በክረምት አጭር ቀሚስ ለበስሽ፣ በባዶ እግርሽ ወለል ረገጥሽ። ሕመሟ የምግባሯ ውጤት ሆኖ ሲተረጎምላት ራሷን እያሞቀች ትታገሣለች፤ ሐኪም ዘንድም የምትሄደው ዘግይታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ኢንዶሜትሪዮሲስ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ የሚሆኑትን ይይዛል፤ የበሽታው ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ እያደገ ሲሄድ ሙቀት ስሜቱን ያለዝበዋል እንጂ እድገቱን አይገታውም። ሕመሙ ጥቂት ጋብ ማለቱ ራሱ ምርመራውን ለዓመታት ሊያዘገይ ይችላል። (ይህ የቻይና ብቻ ነውር አይደለም፤ «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው የእኛው ምክርም ያንኑ ያደርጋል።)

የቻይና መንግሥት እሳቤውን በሁለት መንገድ በሕግ አስገብቶታል። በ2012 የወጣው የሴት ሠራተኞች ልዩ ጥበቃ ደንብ አሠሪዎች በወር አበባ ላይ ያለችን ሠራተኛ በተወሰነ ደረጃ ቅዝቃዜ ባለበት ቦታና በቀዝቃዛ ውኃ ሥራ እንዳይመድቧት ይከለክላል። በማቀዝቀዣ መጋዘን ወይም በዓሣ ፋብሪካ ለምትሠራ ሴት ይህ ክልከላ እውነተኛ እረፍት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሴት በየወሩ ከተወሰነ ሥራ የምትታገድ ከሆነ፣ ወንድ መቅጠርን የሚመርጥ አሠሪ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። የአንሁይ ክፍለ ሀገር በ2016 የሄደበት መንገድ የተሻለ ነው፦ በሕመም ወይም በብዙ ደም መፍሰስ ምክንያት መሥራት ላልቻለችና የሐኪም ማስረጃ ላቀረበች ሠራተኛ አንድ ወይም ሁለት ቀን ዕረፍት ፈቅዷል። እዚህ ላይ የሕጉ መነሻ ሴቲቱ የሚሰማት ሕመም ነው፤ ከሐኪም ፊት መቅረቧም ለምርመራ በር ይከፍታል፣ ምንም እንኳ በየወሩ ወረቀት መለመን አሰልቺ ቢሆን።

ሁለተኛው መንገድ በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የባህል ሕክምና ሕግ ነው። ሕጉ በመንግሥት ዝርዝር ከገቡ ጥንታዊ ቅመሞች የሚሠሩ መድኃኒቶች በሰው ላይ ፈዋሽነታቸው ሳይፈተን፣ በቤተ ሙከራ የደኅንነት ጥናት ብቻ ፈቃድ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ሚዛኑ የተዛባው እዚህ ነው። ዘመን መቁጠር ማስረጃ ሆኖ ከተቆጠረ፣ ሐቀኛ ተመራማሪ ገንዘብና ዓመታት ለሙከራ የሚያጠፋበት ምክንያት አይኖርም።

የተሻለውን መንገድ ያሳየችው ራሷ ቻይና መሆኗ ደግሞ ያስገርማል። የ2015 የኖቤል ተሸላሚ ቱ ዩዩ ከሞክሳው ቅጠል ጋር የቅርብ ዘመድ ከሆነው ከቺንግሃኦ የወባ መድኃኒት ያወጣችው ጥንታዊውን መጽሐፍ አክብራ፣ ግን ሳታመልከው ነው። የአራተኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ቅጠሉን በውኃ ነክሮ መጭመቅን ያዛል፤ ማፍላትን አላነሣም። ከዚህ ፍንጭ ተነሥታ ሙቀት ፈዋሹን ንጥረ ነገር እንደሚያጠፋው ጠረጠረች፣ በዝቅተኛ ሙቀትም አወጣችው። ኢትዮጵያ በ2004 ለወባ ዋና መድኃኒቷ አድርጋ የመረጠችው ከዚህ ግኝት የተገኘ ነው።

ከ1974 ጀምሮ ከሄናን ክፍለ ሀገር ወደ ኢትዮጵያ የሚመላለሱት የቻይና የሕክምና ቡድኖች መርፌውን ይዘው መጥተዋል፤ በዋሽንግተንና በለንደን ያሉ የአኩፓንክቸር ክሊኒኮችም የአበሻ ደንበኛ አያጡም። የአዲስ አበባ ሐኪምም ሆነ የውጭ አገር የጤና መድን ኃላፊ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ሕመሙ ከመቼ ጀመረ፣ በየዓመቱ እየባሰ ነው ወይ፣ ከወር አበባ ውጭ ባሉ ቀናትስ ያማል ወይ፣ በአይቡፕሮፌንና በሙቀት ካልተሻለ በስንት ወር ውስጥ ወደ ማሕፀን ሐኪም ይላካል? እነዚህ የሰፈሩበት አንድ ገጽ የአሠራር መመሪያ ሞክሳውን መከልከል አያስፈልገውም፤ የሚያጨሰው ክፍል መስኮት እንዲኖረው ግን ሊያዝ ይችላል።