የአንድ ዓመት ስክሪፕት

ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተው የትምህርት ድርጅት ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 ለሆኑ ተማሪዎች ባዘጋጀው መርሐ ግብር ማብቂያ ላይ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ርእሱን ራሱ መርጦ፣ ዕቅዱንም ራሱ አውጥቶ፣ በአንድ አማካሪ መምህር እየታገዘ የሚያከናውነው «ፐርሰናል ፕሮጀክት» የሚባል የግል ሥራ አለ። ሥራው ቢያንስ 25 ሰዓት እንዲወስድ ቢታሰብም ብዙ ተማሪዎች አብዛኛውን የትምህርት ዓመት ይዘውት ይቆያሉ፤ ያሰቡትን፣ የሞከሩትንና የጣሉትን ሁሉ የሚመዘግቡበት የሂደት ማስታወሻም ይኖራቸዋል። በመጨረሻ የሚታረመው ግን ተማሪው የሠራው ሥዕል፣ ዕቃ ወይም ፊልም ሳይሆን ስለ ሥራው የጻፈው ዘገባ ሲሆን፣ ነጥቡም ለዕቅድ 8፣ ክህሎትን በሥራ ላይ ለማዋል 8፣ የተሠራውን መለስ ብሎ ለመመርመር 8፣ በድምሩ 24 ነው። አሠራሩ ትክክለኛ ነው፤ ከዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሚጠበቀው እንከን የለሽ ፊልም ሳይሆን ፊልም እንዴት እንደሚታሰብ መረዳት ነውና።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ይህን መርሐ ግብር የሚከተሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለዱ ልጆችም በየዓመቱ በዚህ ሥራ ያልፋሉ። ችግሩ የሚጀምረው በማሳያው ምሽት ነው። በዚህ ሳምንት በዚያው አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በተካሄደው ምሽት፣ በድሮን ከላይ የተቀረጸ ከተማ፣ በዝግታ የሚራመድ ወጣትና ከፍ ያለ ሙዚቃ የያዘ የሁለት ደቂቃ የፊልም ማስታወቂያ አዳራሹን በጭብጨባ ሲያናውጠው፣ ከእርሱ ጥቂት ጠረጴዛዎች አልፎ የተቀመጠ፣ ኅዳጉ በእርሳስ ማስታወሻ የተሞላ የዐሥራ ሁለት ገጽ ስክሪፕት ገልጦ ያነበበ ሰው እምብዛም አልነበረም። ስክሪፕት ማለት ተመልካች የሚያየውና የሚሰማው ሁሉ በትዕይንት ተከፋፍሎ አስቀድሞ የሚጻፍበት ድርሰት ነው፤ ትዕይንትም በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ የሚፈጸም የታሪኩ ክፍል ነው። ከካሜራ በፊት ስክሪፕት ይቅደም የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም፤ የዚህ ሳምንቱ ጭብጨባ ግን ክርክሩን ማንሣት ግድ አድርጎታል፤ ምክንያቱም መመዘኛው ራሱ የሚያከብረውን ልፋት ምሽቱ ከዐይን ሰውሮታል።

የስክሪፕቱ ደራሲ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ታሪኳም ስለ መርዶ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ አንድ በሜሪላንድ የሚኖር ሰው ከኢትዮጵያ ስልክ ተደውሎለት እናቱ ማረፏን ይሰማል፤ ያለቅሳል፤ ከዚያም ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ እናቱ ደግነት ለባለቤቱ ይተርካል። ባለቤቱ አብራው የኖረች እንደመሆኗ የሚነግራት ሁሉ የምታውቀው ነው፤ ንግግሩ የተጻፈው ለእርሷ ሳይሆን ለተመልካቹ ነበር። ጀማሪ ጸሐፊ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው፣ ገጸ ባሕርያት የሚያውቁትን እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ማድረግ። በሂደት ማስታወሻዋ ላይ እንደሰፈረው፣ ረቂቁን ያነበበችው አክስቷ ያነሣችው ስሕተት ግን ስለ ድርሰት ሳይሆን ስለ ወግ ነበር፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በምሽትም አይነገርም፣ ለብቻው ለሆነ ሰውም አይነገርም።

ከዚያ አስተያየት በኋላ የተጻፈው ረቂቅ ፈጽሞ ሌላ ፊልም ሆኗል። ዜናው የሚደርሰው ለባለቤቱ ነው፤ እርሷም ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ እስኪመጣ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ከማያውቀው ባሏ ጋር ማሳለፍ አለባት። በፌስቡክ የሐዘን መግለጫ ሊያይ ስለሚችል የስልኩ ባትሪ እስኪያልቅ ትጠብቅና የመሙያውን ገመድ ከድንች ከረጢት ሥር ትደብቃለች፤ ለአሠሪው ደውላ ነገ እንደማይገባ የምትናገረው የመታጠቢያ ቤቱን ውኃ ከፍታ ነው። ባልየው ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥቶ ለሥራ ሲለብስ ገመዱን ይፈልጋል፣ ሚስቱን ይጠይቃል፣ እርሷም ጀርባዋን ሰጥታ ቡና ትቆላለች፤ በመጨረሻ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በሩን ሲከፍት መንገዱ ዳርና ዳር መብራታቸውን ባጠፉ መኪኖች ተሞልቷል፤ ወዲያው የአንደኛው በር ይከፈትና አንድ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሽማግሌ ይወርዳሉ። በዚህ ትዕይንት ስለ ሞት አንድ ቃል የተናገረ የለም። ስለ እናቱ ደግነት የተጻፉት ሦስት ገጾችም አንድም መሥመር ሳይቀርላቸው ወጥተዋል።

አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1966 በመጽሐፍ በታተመው ቃለ ምልልስ ይህንኑ ዘዴ በቦምብ ምሳሌ አስረድቶታል። ሰዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ሥር ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡ መጠመዱን ተመልካቹ ቀድሞ ቢያውቅና ሰዎቹ ባያውቁ ግን ተራ ወሬያቸው ሁሉ በጭንቀት የሚሰማ ይሆናል። የኢትዮጵያውያን የመርዶ ሥርዓት ይህን ዘዴ ማንም ሳያስተምረው በየሰፈሩ ሲፈጽመው ኖሯል፤ አንዱ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም፣ በመካከል ያለው ሌሊት ሁሉ ድራማ ነው። አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን ያገኘችው ካሜራ ስለተከራየች ሳይሆን ረቂቋን ደጋግማ ስለጻፈችና የጻፈችውን ወግ ለሚያውቅ ሰው ስላስነበበች ነው። ዓመቱ የዋለው ለዚህ ነው፤ የፊልም ማስታወቂያውን ለመሥራት ጥቂት ቅዳሜዎች ይበቁ ነበር።

ፊልም የሚለመደው በመቅረጽ ነው የሚሉ ወገኖች ዘወትር ዩሲኤልኤ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ይሰጥ የነበረውን «ፕሮጀክት ዋን» ይጠቅሳሉ፤ ይኸውም አዲስ የገባ የፊልም ተማሪ ሳይውል ሳያድር የራሱን አጭር ፊልም ጽፎና ቀርጾ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ልምምድ ነበር። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1971 «አወር ግላስ» የተባለውን አጭር ፊልሙን የሠራው በዚሁ ልምምድ ነው። ነገር ግን ኃይሌ ወደ ካሜራ የመጣው ባዶ እጁን አልነበረም፤ ጎንደር ውስጥ ከተውኔት ጸሐፊ አባት ተወልዶ፣ በቺካጎ የቴአትር ትምህርት ተምሮ ነበር ወደ ሎስ አንጀለስ የሄደው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1974፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ የንጉሡ ሥርዓት በሚፈርስበት ወቅት ኢትዮጵያ ገብቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ሊቀርጽ የቻለው ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ስላወቀ ነው፤ ያን ያህል አጭር ቀረጻ ረጅም ዝግጅት ይጠይቃል። «ጤዛ» ደግሞ ከሐሳብ ወደ ፊልም ለመድረስ ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል ሲቀርብ ከዳኞች ልዩ ሽልማት ጋር የተቀበለው የስክሪፕት ሽልማትን ነበር። በዓለም ፊት እንዲህ የተከበረ ኢትዮጵያዊ ፊልም በጽሑፉ መሸለሙ በየማሳያው ምሽት ሊነገር የሚገባው ነገር ነው። ፊልም ለልጅ መተዳደሪያ አይሆንም የሚሉ ወላጆችም አሉ፤ እነዚህን በተመለከተ፣ የዐሥረኛ ክፍል ፕሮጀክት የሥራ ቅጥር ስላልሆነ ክርክሩ ቦታውን የሳተ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። የተማሪዋ ስክሪፕት የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ በቤታቸው የሚነጋገሩት በአማርኛ ስለሆነ ሌላ አማራጭ አልነበራትም። አማካሪዋ ቅንና ትጉህ መምህር መሆናቸውን የሂደት ማስታወሻው ይመሰክራል፤ ሆኖም አማርኛ ስለማያነቡ ሊመዝኑ የቻሉት ተማሪዋ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀችላቸውን ማጠቃለያ ብቻ ነበር። ሽማግሌው በሩ ላይ ሲደርሱ የሚናገሩትን አንድ ዐረፍተ ነገር ለማስተካከል የፈጀችው ጊዜ፣ የሚስትየዋን ጥያቄና መልስ እያሳጠረች የሄደችበት መንገድ፣ በማጠቃለያው ላይ ምንም ምልክት አልተወም። ስክሪፕቱ አጭር ነው የሚል አስተያየትም የተሰጣት በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ የፊልም ሥራ ልማድ ኩሪየር በሚባለው የፊደል ዓይነት፣ በ12 ነጥብ መጠን የተጻፈ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ይሆናል ተብሎ ይታሰባል፤ ይህ ልኬት የተገኘው ከእንግሊዝኛ ገጽ ነው። በፊደላችን አንድ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ አንድ ግሥም ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን ጠቅልሎ ስለሚሸከም፣ የአማርኛ ገጽ ተመሳሳይ ንግግርን በጥቂት ቦታ ይይዛል። በዚያ ላይ ሴትየዋ ቡና እየቆላች ዝም የምትልበት ረጅም ጊዜ በጽሑፍ ሁለት መሥመር ነው። ተማሪዋ ጮክ ብላ እያነበበች፣ ዝምታውንም እየጠበቀች በሰዓት ስትለካው ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ በእጅጉ አልፏል፤ ይህን ልኬት በዘገባዋ ውስጥ ማስገባቷም የክህሎት ነጥብ ሊያሰጣት የሚገባ ነው። በአማርኛ ስክሪፕት የሚጽፉ ሁሉ የገጽ ቁጥርን ትተው በንባብ ሰዓት ቢለኩ ይበጃቸዋል።

ስለዚህ አማርኛ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል፤ በዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሜና እሑድ ፊደል የሚያስቆጥሩ መምህራን፣ በአገር ቤት መድረክ የሠሩ ተዋንያን፣ ጡረታ የወጡ ጋዜጠኞች በዚያ ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱ በመጀመሪያው ረቂቅ ጊዜ ተገኝቶ፣ ረቂቁን አንብቦ አስተያየቱን በጽሑፍ ቢሰጥ፣ ተማሪው ያንን በሂደት ማስታወሻው ውስጥ እንደ ማስረጃ ሊያኖረው ይችላል፤ አማካሪውም የማያነበውን ቋንቋ በሚያነብ ሰው ዐይን የማየት ዕድል ያገኛል። ይህን ለማመቻቸት ቀዳሚው ኃላፊነት የወላጆች ነው፤ በማሳያው ምሽት ፎቶ ለማንሣት የሚመጡ ወላጆች፣ የረቂቁ ቀለም ገና ሳይደርቅ፣ አንባቢ እንዲፈልጉ ሊጠየቁ ይገባል።

ትምህርት ቤቶቹም የማሳያውን ምሽት ሥርዓት መለወጥ አለባቸው። በፊልም ሥራ ውስጥ «የጠረጴዛ ንባብ» የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ ተዋንያን ያለ አልባሳትና ያለ ካሜራ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስክሪፕቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ አንድ ሰውም በትዕይንቱ የሚታየውን እንቅስቃሴ ያነባል። ለፊልም ማስታወቂያዎች ስክሪን የሚዘረጋ ትምህርት ቤት ስክሪፕት ለጻፈ ተማሪም አራት ወንበርና አራት ቅጂ ያዘጋጅ፤ ንባቡ በአማርኛ ይሁን፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም ለታዳሚው በወረቀት ይታደል፤ ሽማግሌው ከመኪናቸው ሲወርዱ አዳራሹ ምን እንደሚሆን አማካሪው በጆሮው ሰምቶ፣ በዐይኑም አይቶ ይፍረድ።