የተኮላሸ ውሻም ቤት ይጠብቃል

በወላይታ አንድ አባወራ ወንድ ውሻውን እንዲያኮላሽ ቢመከር መልሱ ይታወቃል፦ «ታዲያ ቤቴን ማን ሊጠብቅልኝ?» ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባሉ መንደሮች ጅብ ሌሊት እስከ አጥር ይመጣል። ቤት ውስጥ የሚያድረው ሰንጋ የቤተሰቡ የዓመት ጥሪት ነው፤ ጅብ ሲመጣ ቤተሰቡን የሚያስነሳውም የውሻው ጩኸት ነው።

ስጋቱ ከሰንጋው የመጣ ይመስለናል። ለጊፋታ በዓል የሚታረደውን ሰንጋ ተኮላሽቶ ረግቶና ሰብቶ ያየ ሰው፣ ውሻው እንደዚያ እንዲሆንበት አይፈልግም። ነገር ግን ይኸው ሰው ጠዋት ቀንበር የሚጭንባቸው በሬዎችም የተኮላሹ ናቸው። ኮርማ ላም ከሸተተው አያርስም፤ በሬ ግን ትልሙን ይጨርሳል። ማኮላሸት የሥራ ጉልበቱን አልነጠቀውም፤ ከሥራው የሚያናጥበውን ነው የወሰደለት።

ለውሻም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከጎለመሱ በኋላ የተኮላሹ 42 ወንድ ውሾችን ጠባይ መርምሯል። ይባዝኑ ከነበሩት 90 በመቶ ያህሉ መባዘን ቀነሱ፤ ከወንድ ውሻ ጋር ይጣሉ ከነበሩት ደግሞ 60 በመቶ ያህሉ ጠብ ቀነሱ። ክልልን የማስከበር ቁጣ ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ እውነት ነው፤ የሚጮኸው ለጌታውና ለግቢው እንጂ ለሴት ውሻ አይደለም።

እንዲያውም በሩን ጥሎ የሚሄደው ያልተኮላሸው ነው። አንዲት ሴት ውሻ በሙቀቷ ወቅት በሰፈር ስታልፍ ስድስት ሰባት ወንዶች ተከትለዋት ይሮጣሉ። ሲነካከሱ ያድራሉ፤ ጎህ ሲቀድ ጆሯቸው ተዘንጥሎ፣ እያነከሱ በትምህርት ቤት መንገድ ላይ ይታያሉ። ደብተር ይዞ የሚያልፍ ልጅ በመካከላቸው ነው የሚያልፈው። የእብድ ውሻ በሽታም ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገረው በንክሻ ነው።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ለመራቢያ የማይፈለግ ወንድ ውሻ ይኮላሽ። ይህ ግን የጠባይ ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ከፍርሃት የተነሳ የሚናከስ ውሻ በመኮላሸት አይድንም፤ ሊብስበትም ይችላል። የወንዴ ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል፤ የቆየ ልማድ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። የምግቡ መጠን ካልተቀነሰም ይሰባል፤ ያኔ ሰነፈ ብንል ጥፋቱ የእኛ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ከሁሉም ይቀድማል። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ከውሾች 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። ውሾችን ለመግደል መርዝ መበተን ክትባትን አይተካም፤ የተከተበውንም ስለሚገድል፣ ባዶ ቦታውን ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል።

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። ከዞኑና ከሶዶ ከተማ አስተዳደር ጋር ሆኖ ክትባቱንና ቀዶ ሕክምናውን በአንድ ቀን የሚሰጥ፣ የገጠሩም ሰው በገበያ ቀኑ ውሻውን ይዞ የሚደርስበት ቋሚ አገልግሎት እንዲከፍት እንጠይቃለን። ሥራው በባለሙያ እጅና በማደንዘዣ ብቻ ይሁን። ውሻን አስሮ በምላጭ መቁረጥ ጭካኔ ነው፤ ኮርማ የሚኮላሽበት ቡርዲዞ የሚባለው መቆንጠጫም ለውሻ አይሆንም።