የታዳጊዎች ትምህርት በቴሌቪዥን መስኮትና በቀበሌ አዳራሽ

ማናቸውም የመገናኛ ዘዴ ከኅብረተሰቡ የመደብ አሰላለፍ ውጭ ሊታይ አይችልም። ቴሌቪዥን በሀገራችን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ተመልካቹ ጥቂት የከተማ ባለጸጋና ባለሥልጣን ነበር። ዛሬ ግን በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ በጭቃ ግድግዳ በተሠራው የቀበሌ ቤት ውስጥ እንኳ መስኮቱ ሲበራ ይታያል። ከዚህ ለውጥ በመነሣት አንዳንድ ወገኖች፣ የሙያ ጓዶቻችንም ጭምር፣ የችግረኛ ቤተሰብ ታዳጊዎችን በሕይወት ክህሎት ለማነጽ ጥሩ ድራማና ጥሩ ምክር በቴሌቪዥን ማስተላለፍ ይበቃል ከሚል መደምደሚያ ደርሰዋል። አመለካከቱ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም የተሳሳተ ነው።

በቅድሚያ ታዳጊው ማነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። በአካባቢያችን ተጨባጭ ሁኔታ ታዳጊው በአጠና ተራ እንጨት የሚሸከም፣ በጦር ኃይሎች መንገድ ዳር ጫማ የሚጠርግ፣ በታክሲ ረዳትነት የሚውል ልጅ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራው ልጃገረድ ናት። ዝግጅቱ የሚተላለፈው ማታ፣ ቤተሰቡ ራቱን በልቶ ቡና በሚጠብቅበት ሰዓት ነው እንበል። እርሷ በዚያ ሰዓት የት ናት? በጓዳ፣ ከሳህንና ከድስት ጋር ናት። ስለ ልጃገረዶች መብት የሚናገረውን ድምፅ በግድግዳ በኩል ትሰማዋለች፤ ምስሉን የምታየው ሲኒ ይዛ ስታልፍ ብቻ ነው። ትምህርቱ የተዘጋጀው ለእርሷ፣ ተቀምጦ የሚመለከተው ግን አሠሪዋ ነው።

አሠሪዋስ ማነው? ከበርቴ ነው ብንል ራሳችንን እናታልላለን። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ፣ የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ባልና ሚስት ለሥራ ሲወጡ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ የሕፃናት ማቆያ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ላብ አደሩ ከፋብሪካው በር ተበዝብዞ ወጥቶ በቤቱ ደጃፍ አሠሪ ሆኖ ይገባል። ይህ ቅራኔ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሲነሣ ሰምተን አናውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን የቤት ሠራተኛን በሽፋኑ ውስጥ አላስገባትም። እንግዲህ «በራስሽ ተማመኚ» የሚለው ምክር ብቻውን ምን ይፈይድላታል? በራሷ ብትተማመንም ደመወዟ በአሠሪዋ እጅ፣ የእሑድ ከሰዓት በኋላዋም በአሠሪዋ ፈቃድ ነው።

መስኮት ያለ ሰው ምን ያህል ደካማ እንደሆነ አይተነዋል። በ1990ዎቹ መገባደጃ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው «ፕላዝማ» ለመምህሩ የተወለት መግቢያና መዝጊያ ላይ ያለችውን ጥቂት ደቂቃ ነበር። ተማሪው እጁን ቢያነሣ መስኮቱ አያየውም።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2001 በኩባ የተዘጋጀው «አዎ፣ እችላለሁ» የተሰኘ የጎልማሶች የማንበብና የመጻፍ ትምህርት በቪዲዮ የተቀረጸ ነው፤ ነገር ግን ከመስኮቱ አጠገብ ምን ጊዜም አንድ አስተባባሪ ይቀመጣል። ይኸው ዘዴ በቬኔዝዌላ በሰፊው ከተሠራበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 በአውስትራሊያ፣ ዊልካኒያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ መሬታቸውን ተነጥቀው ለዘመናት ሲገፉ በኖሩት ነባር ሕዝቦች መካከል ተጀመረ። አስተባባሪዎቹ የዚያው ሕዝብ ልጆች ነበሩ። ተማሪው ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄዶ «ምን ሆንክ?» የሚል ቪዲዮ ገና አልተሠራምና። (ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ሲቀስም አብረውት በእግር የተጓዙ፣ ዒላማውን ያሳዩት መኮንኖች ነበሩ።)

በራሳችን ከተማም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ የተጀመረውና በኋላ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው «ብሩህ ተስፋ» ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑ ልጃገረዶችን፣ በተለይም የቤት ሠራተኞችን አሰባስቧል። ከየሰፈሩ የተመለመሉ ሴት መካሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልጃገረዶቹን መዘገቡ፤ አሠሪዎችን አነጋግረው አስፈቀዱ፤ ቀበሌዎች አዳራሽ ሰጡ፤ ልጆቹም በቡድን ተቀምጠው ፊደልን፣ የጤና አጠባበቅን፣ የሕይወት ክህሎትን ተማሩ። በእኛ አስተያየት የመካሪዋ ዋነኛ ሥራ ማስተማሩ እንኳ አልነበረም፤ በር ማንኳኳቱ ነበር። አንዲት የሰፈር ሴት በሩን አንኳኩታ «ይህች ልጅ ስንት ዓመቷ ነው? ለሁለት ሰዓት ልውሰዳት?» ብላ ስትጠይቅ በዚያ ቤት ውስጥ ያለው የኃይል ሚዛን ይናጋል። ልጅቷ የሚጠይቃት ሰው እንዳላት አሠሪዋም፣ ራሷም ያውቃሉ።

ይህ ሥራ የተደገፈው በአብዛኛው በውጭ ገንዘብ መሆኑ ግን ሊሸፈን አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሬዲዮ ጀምሮ በኋላ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ የተሸጋገረው «የኛ» የገጠመው ምን እንደሆነ እናስታውስ። አንድ የለንደን ጋዜጣ ባካሄደው ዘመቻ የተነሣ የእንግሊዝ መንግሥት በ2009 ዓ.ም. ድጋፉን አቋረጠ። የኢትዮጵያ ልጃገረዶች ምን ይስሙ የሚለው ጉዳይ የተወሰነው እነርሱ አንብበውት በማያውቁት ጋዜጣ ላይ ነበር። የባዕድ ቦርሳ ሲዘጋ የሚዘጋ ትምህርት የራስ ትምህርት ሊባል አይችልም።

የራስ የሆነው አዳራሹ ነው። በ1971 ዓ.ም. በታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የቀበሌ አዳራሽ፣ የዛፍ ጥላ፣ መጋዘን ሳይቀር መማሪያ ክፍል ሆኖ ነበር። በእርግጥ ከነዚሁ አዳራሾች አንዳንዶቹ በቀይ ሽብር ዘመን እስር ቤት ነበሩ፤ በራፉን ሲያልፉ ዛሬም ፊታቸውን የሚያዞሩ እናቶች በመካከላችን አሉ። ስለሆነም «ልጅሽን ወደ አዳራሽ ላኪ» የሚለው ጥሪ ከመካሪዋ አፍ እንጂ ከድምፅ ማጉያ ሊወጣ አይገባም።

የምንጠይቀው ውስን ነገር ነው። በየወረዳው አንድ አዳራሽ እሑድ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ለታዳጊዎች ይከፈት። ቴሌቪዥኑም ከዚያው ይቀመጥ፤ ዝግጅቱ ተቀርጾ ይታይ፤ እንደታየ ይቁምና ልጆቹ ይነጋገሩበት። እድሮች ለሬሳ ሣጥንና ለድንኳን ከሚያዋጡት ቀንሰው ለመካሪዎቹ መጠነኛ አበል ይቁረጡ። የሠራተኛ ማኅበራትም አባሎቻቸው በየቤታቸው ለሚያሠሩት ሰው የሳምንት ዕረፍት መስጠታቸውን በአጀንዳ ይያዙ፤ ለራሱ ስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የታገለ ሰው ይህን አልገባኝም ሊል አይችልም።

በመጪው ስብሰባ ሰብሳቢው ሌላ ጉዳይ ከማንሣቱ በፊት «ከመካከላችን የቤት ሠራተኛ ያለው እጁን ያውጣ» ይበል። ይህ ጸሐፊም እጁን ያወጣል። ይህን ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ሸሚዙን ትተኩስ የነበረችው ልጅ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዕለቱም እሑድ ነበር።