አስቤዛው ሆድ ይሞላል፤ ለሕዋስስ ምን ይደርሰዋል?

 

ባለፈው ረመዳን የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ሰፈራችን አስቤዛ ስናድል አንዲት እናት መጡ። ከጋራው ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው እየወረዱ፣ ያንን ሸጠው ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። ጥቅሉን ተቀብለው መረቁንና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ኡስታዝ፣ ዱቄቱም መኮሮኒውም ደርሶኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ሽሮ ግን ቤቴ ካለቀ ሰነበተ። መኮሮኒውን ሱቅ ወስጄ በአተር ክክ ብለውጠው ቅር ይላችኋል?" አሉን።

ቅር አላለንም፤ አፈርን እንጂ። ጥቅሉን ያዘጋጀነው እኛው ነን። የስንዴ ዱቄት፣ መኮሮኒ፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ዘይትና ቴምር ነበረበት። ጥራጥሬ የሚባል ግን አንድም አልነበረበትም።

ዛሬ የምንለው አጭር ነው፤ ጥራጥሬ የሌለበት አስቤዛ ጎዶሎ ነው። ለምን? የምንበላው ነገር የት እንደሚደርስ አብረን እንከተለው።

የበላነው ፕሮቲን እንዳለ ደም ውስጥ አይገባም። በጨጓራና በትንሹ አንጀት ተቆራርጦ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይፈርሳል። ሰውነት ጡንቻውንም ሆነ ቆዳውን የሚሠራው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። ከእነዚህ 9ኙን ራሱ መሥራት ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት።

አንጀት ደረሰ ማለት ግን ገባ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ የስብ ሽፋን ታጥሯል፤ አሚኖ አሲድም ይህን አጥር እንዲሁ ዘሎ አያልፍም። አጥሩ ላይ በሮች አሉ፤ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ይባላሉ። በር ስንል ግን ወለል ብሎ የተከፈተ አይደለም። በውጭ በኩል ተከፍቶ እንግዳውን ይቀበላል፣ ከኋላው ይዘጋል፣ ከዚያ በውስጥ በኩል ይከፈትለታል። ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ አይከፈትም። እያንዳንዱ በርም የሚያውቀው የራሱን እንግዶች ነው። ሱብሓነላህ!

ይህ ሁሉ ያለ ጉልበት አይሆንም። ሕዋሱ ጉልበት እያወጣ 3 ሶዲየም ወደ ውጭ ገፍቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ስለዚህ ውጭ የበዛው ሶዲየም ተመልሶ ለመግባት ይጋፋል፤ ብዙዎቹ አሚኖ አሲዶችም ከእሱ ጋር ተያይዘው ይገባሉ። ላይሲን የተባለው ግን አንጀት ላይ የሚገባው በሌላ በር ነው። እሱ እንዲገባ ቀድሞ ከገቡት አንዱ መውጣት አለበት። የመገናኛን ታክሲ አስቡ፤ ሞልቶ ሳለ "ወራጅ አለ" ካልተባለ አዲስ ተሳፋሪ አይጫንም።

ላይሲንን ለይተን ያነሣነው በምክንያት ነው። ከምግብ ብቻ ከምናገኛቸው ከ9ኙ አንዱ ሲሆን፣ ስንዴ ላይ ከሁሉም ይልቅ የሚያንሰውም እሱ ነው። ሕዋስ ፕሮቲን ሲሠራ አሚኖ አሲዶቹን እንደ ሙስበሃ ፍሬ በተራ ይሰካቸዋል። የላይሲን ተራ ደርሶ ላይሲን ከጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ሌላ ተክቶ መቀጠል የለም። የተረፉትም ለነገ አይቀመጡም። ጉበት ናይትሮጅናቸውን ነቅሎ በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ቀሪው ለጉልበት ይውላል ወይም ወደ ስብ ይለወጣል። ልጁ ጠግቧል፤ ሕዋሱ ግን ደጅ ደጁን እያየ ነው።

አተር፣ ምስር፣ ሽንብራና ባቄላ ይህን ጉድለት ይሞላሉ። እኩል መጠን ያለው ፕሮቲን ብንወስድ፣ የጥራጥሬው ላይሲን ከስንዴው ከእጥፍ በላይ ነው። ጥራጥሬ የሚያንሰው ሜታዮኒን የተባለው ነው፤ እሱን ደግሞ እህሉ ያሟላል። እናቶቻችን ሽሮን ከእንጀራ ጋር ያጋቡት የላይሲንን ስም ሰምተው አይደለም፤ ግን ልክ ነበሩ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያና የስዊድን ባለሙያዎች ለሕፃናት ፋፋን ሲያዘጋጁም የስንዴ ዱቄት ብቻውን አላሸጉም፤ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት ቀላቀሉበት።

በሩ ራሱ የተበላሸባቸው ሰዎችም አሉ። ሃርትነፕ የሚባለው በሽታ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1956 ተገለጸ፤ ችግሩ ያለበት የአንዱ በር ዘረመል በ2004 ተለየ። የሚገርመው፣ ከእነዚህ ሰዎች በቂ ፕሮቲን የሚበሉት አብዛኞቹ ደህና ሆነው ይኖራሉ። አንጀት ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው የተያያዙ አሚኖ አሲዶችን የሚያስገባ ሌላ በር ስላለው ነው። እንግዲህ በር ቢበላሽ ምግብ ሊክሰው ይችላል፤ ምግብ ከጎደለ ግን ጤነኛ በር ብቻውን ምንም አያመጣም። የሰፈራችን ልጆች በሮች በአብዛኛው ጤነኞች ናቸው። የቀረው እንግዳው ነው።

"ጥራጥሬ ተወዷል" የሚለን ወንድም እውነቱን ነው። እኛም ጥቅሉን አናሳድገው፣ እንቀይረው ነው የምንለው። ከስኳሩ ግማሹ፣ ከመኮሮኒውም የተወሰነው ይውጣና በምትኩ ክክ ወይም ምስር ይግባ። ከተፈጨ ሽሮ ይልቅ ክክ የመረጥነው የሚሰጠው ነገር በዓይን ስለሚታይ ነው። ዱቄቱና ዘይቱ ግን ይቆዩ፤ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ካነሰ ሰውነት ፕሮቲኑንም እንደ ማገዶ ያነደዋል። የልጅ እድገት በክክ ብቻ እንደማይመጣ፣ ንጹሕ ውሃና ሕክምናም እንደሚያስፈልገው እናውቃለን።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መኮሮኒ ያበዛነው ጥቅሉን ትልቅ ስለሚያስመስለውና ፎቶ ላይ ስለሚያምር ጭምር ነው። እኒያ እናት ሥራችንን አርመውልናል፤ አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው። በመጪው ረመዳን ኢንሻአላህ ክኩን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እንዳይዞሩ፣ ለጥቅሉ የምታዋጡም የምታሽጉም ከወዲሁ እንነጋገርበት።

ወላሁ አዕለም።